ዳክዬና ጓሮ በበልግ መግቢያ፣ ድሬዳዋ ላይ

የሳቢያኗ
መጋቢት 4፣ ጠዋት

ሰላም ናችሁ የድሬ፣ የሐረርና የአካባቢው ሰዎች። እዚህ ስለ ዶሮ ብዙ ተጽፏል። ስለ ዳክዬ ግን ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ እኔው ልጀምር።

የምኖረው ሳቢያን ነው። ከቤቴ ጀርባ ስድስት ሜትር በዘጠኝ የምትሆን ጓሮ አለችኝ። ጥቅምት ላይ አራት ዳክዬ ገዛሁ፤ ሦስት ሴትና አንድ ወንድ። ለእንቁላል ብዬ አልነበረም። ልጄ ሰው ቤት አይታቸው መጣችና ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ ጠፋ። አሁን ከልጄ በላይ እኔ ወድጃቸዋለሁ።

ጠዋት በሩን ስከፍትላቸው ተሰልፈው ይወጣሉ። ሁልጊዜ የምትመራው ግራጫዋ ናት። በቀጥታ ወደ ሳፋው ይሄዳሉ። መጀመሪያ አይጠጡም። ጭንቅላታቸውን እስከ ዓይናቸው ነክረው በአፍንጫቸው ቡልቅ ቡልቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ቀና ይሉና ውሃውን ጀርባቸው ላይ ይለቁታል። ጠብታው ላባቸው ላይ እንደ ዶቃ ይንከባለላል እንጂ አያርሳቸውም። እነሱን ሳይ ስንት ቀን ቡናዬ ቀዝቅዟል።

ጭንቀቴ ውሃው ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሳፋው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይደፈርሳል። ጭቃ፣ ላባ፣ ኩስ፣ የመኖ ፍርፋሪ ይሞላበታል። መጀመሪያ ሰሞን አንጀቴ እያረረ እደፋው ነበር። አንድ ቀን ወስጄ ፓፓያው ሥር ደፋሁት። በማግሥቱም እንደዚያው። ወር ሳይሞላ የፓፓያው ቅጠል ጠቆረ፣ ሰፋ። አጠገቡ ያለው፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣው፣ እንደገረጣ ቀረ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ዳክዬውንና አትክልቱን ለየብቻ ካሰብኳቸው ድሬ ላይ ሁለቱንም መያዝ አልችልም። አንድ ላይ ካሰብኳቸው ግን አንዱ ሳፋ ለሁለቱም ይደርሳል። አሁን ሳፋው ያለው ከመደቦቹ በላይ፣ ከፍ ያለው ጥግ ላይ ነው። ከሥሩ ቀጭን ቦይ ቆፍሬለታለሁ። ስገለብጠው ውሃው ራሱ ወደ ቲማቲሙና ወደ ባሚያው ይወርዳል።

በልጉ ገብቷል፤ ሁለት ቀን ካፊያ ጥሎልናል። የቲማቲም ችግኝ አዛውሬአለሁ፣ ባሚያ ዘርቻለሁ፣ ቆስጣና ሰላጣም አለ። ሰላጣው ሙቀቱ ሲጠና እንደሚመርና ቶሎ እንደሚያብብ አውቃለሁ። እስከዚያ ድረስ እንብላው ብዬ ነው።

ምክራችሁን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ትናንት አጥሩ ተከፍቶ ገቡና ሰላጣውን ከሥሩ ጨረሱት። ያልበሉትንም በእግራቸው ደፈጠጡት። ጎረቤቴ ደግሞ «ይሄ ሳፋ ትንኝ ያመጣብናል» ብለዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ ቃላቸውን ችላ ማለት አልፈልግም። ግንቦት ሲመጣስ ሙቀቱን እንዴት ያልፉታል? የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

---

የከዚራ ጥላ
መጋቢት 4፣ ምሳ ሰዓት

እህቴ፣ ጎረቤትሽ እውነታቸውን ነው። ትንኝ ድሬ ላይ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የተነሣው እዚሁ እኛ ጋ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ችኩንጉንያ መጣ። እኔ ከትኩሳቱ ከዳንኩ በኋላ እንኳ የእጄ መገጣጠሚያ ለወራት አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው በቀን የምትነድፈው፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት ያላት ትንኝ ናት። በ2022 እ.ኤ.አ. የወባ ወረርሽኝ ሲነሣ ደግሞ ከእስያ የመጣች ሌላ የወባ ትንኝ ተገኘች። እሷም ረግረግ አትፈልግም። በርሜልና የውሃ ገንዳ ይበቃታል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። በእኛ ሙቀት ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ከገለበጥሽው ጊዜ አታገኝም። መገልበጥ ብቻ ግን አይበቃም። የቀኗ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ጎን ላይ ነው። ውሃው ቢደርቅ እንኳ እንቁላሉ ለወራት ይቆያል። ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የሳፋውን ጎን በብሩሽ ፈግፍጊው። የምልሽ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ዳክዬዎቹማ ውሃው ውስጥ የሚውለበለበውን እጭ እየለቀሙ ይበሉታል። እኔን የሚያሳስበኝ ዳክዬ የማይደርስበት ውሃ ነው። ክዳን የሌለው በርሜል፣ አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለው ሳህን። ጎረቤትሽን ጥሪያቸውና አብራችሁ ግቢያችሁን ዙሩ።

---

የጁገል ልጅ
መጋቢት 4፣ ማታ

አቦ ይመችሽ፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። እኔ ሐረር ጁገል ውስጥ ነኝ። ግቢያችን ጠባብ ናት፤ ሁለት ዳክዬ ብቻ ነው ያለኝ። አራት ነበሩ።

እኛ ጋ የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ በየጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ማየት ለሐረር ሰው አዲስ አይደለም። እኔ ግን ከጅብ ምንም አልደረሰብኝም። የጎዳኝ ሸለምጥማጥ ነው። ከጣሪያውና ከግድግዳው መካከል መዳፍ የምታህል ክፍተት ነበረች። «በዚህ ማን ይገባል» ብዬ ተውኳት። ጠዋት ስከፍት ሁለቱ የሉም። ላባው በክፍተቷ አፍ ላይ ተጣብቆ ነበር። የቀሩት ሁለቱ ጥግ ላይ ተቃቅፈው ድምፅ አያወጡም። እንዲያ ዝም ሲሉ አይቻቸው አላውቅም።

ዶሮ ሲመሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይወጣል። ዳክዬ ግን መሬት ላይ ነው የሚተኛው፤ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ስለዚህ ሳይጨልም አስገቢያቸው። ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ አትመኚው፣ ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል። ቀዳዳው ጣት የማያስገባ ጠንካራ ሽቦ ግዢ። ከታች ሁለት ስንዝር ያህል ቅበሪው። በሩ ላይ መቀርቀሪያ ብቻ ሳይሆን መንጠቆም ጨምሪበት።

---

የባቢሌ እናት
መጋቢት 5፣ ጠዋት

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ስለ መኖ ማንም ሳያነሣ እንዳያልፍ ብዬ ነው የምጽፈው። ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

እኛ የለውዝ ሀገር ሰዎች ነን። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ ለከብት እንሰጣለን፣ ለዶሮም እንቀላቅላለን። ካቻምና ዘጠኝ የዳክዬ ጫጩት ነበረኝ፤ የሁለት ሳምንት። ከአንድ ነጋዴ ግማሽ ጆንያ የለውዝ ፋጉሎ ገዛሁ። ርካሽ ነበር። ሽታው ትንሽ እንደ እርጥብ ቤት ይላል። ግድ አልሰጠኝም፤ ከፉርሽካ ጋር አሸሁትና ሰጠኋቸው።

በአራተኛው ቀን መብላት አቆሙ። ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። ከዚያ አንገታቸው ወደ ኋላ ይቆለመማል፣ እግራቸው ይዘረጋል፣ ይሞታሉ። በሳምንቱ ዘጠኙም አለቁ። ያንኑ የበሉት ዶሮዎቼ ግን ደህና ነበሩ። የእንስሳት ሐኪሙ አንዷን ከፍቶ ጉበቷን አሳየኝ። አብጧል፣ ቀለሙም የገረጣ ቢጫ ሆኗል።

ሐኪሙ ሁሉንም አስረዳኝ። ለውዝ ሲሻግት የሚያወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል። የታወቀውም በዚሁ በለውዝ ፋጉሎ ምክንያት ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች አለቁ፤ የዳክዬ ጫጩቶችም አለቁ። መንስኤው ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ከቤት ወፎች ሁሉ ይህን መርዝ የማይችለው የዳክዬ ጫጩት ነው። ዶሮ የሚቋቋመው መጠን ዳክዬን ይገድላል።

መርዙ በመቁላትም በመቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በዓይን ላይታይም ይችላል። ለውዙ እርጥብ መሬት ላይ ከተሰጣ፣ ወይም ለመፈልፈል እንዲቀል ውሃ ከተረጨበት፣ ሻጋታው ያኔ ነው የሚገባው። አሁን በበልጉ እርጥበት ጆንያችሁን ከመሬት አንሡ፤ እንጨት ላይ አስቀምጡ። ሽታው ከተጠራጠራችሁ ጣሉት። ለከብትም አትስጡት። የላሟ ወተት ውስጥ ይገባል፤ ወተቱን ደግሞ ልጆቻችን ናቸው የሚጠጡት።

እኔ ዛሬ ማሽላ፣ ፉርሽካና የጓሮ ቅጠል ነው የምሰጠው። የለውዝ ነገር ዳክዬዎቼ ጋ አይደርስም።

---

የሳቢያኗ
መጋቢት 5፣ ጠዋት

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን አንብቤ ተነሥቼ መጋዘኑን ከፈትኩ። የለውዝ ፋጉሎ የለኝም። በቆሎዬ ግን ከታች በኩል ረጥቦ አገኘሁት። አውጥቼ ጣልኩት።

---

ገንደ ቆሬ
መጋቢት 5፣ ከሰዓት

ስሜቴን ልናገር፤ ማንንም ለማስከፋት አይደለም። እኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ። እንዲህ ባለ ከተማ ውሃ ወዳድ እንስሳ ማርባት አይከብድም ወይ? ዳክዬ የሐይቅ ወፍ ነው። ዶሮ በአንድ ቆርቆሮ ውሃ ይኖራል። ለውሃ ተሰልፈው ለሚውሉ ሰዎች ይህ እንዴት እንደሚታይ አስቡበት።

---

የሳቢያኗ
መጋቢት 5፣ ማታ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔም ራሴን የጠየቅኩት ነው። ሒሳቡን ልንገርህ።

ሳፋዬ 20 ሊትር ይይዛል። በየሁለት ቀኑ እገለብጠዋለሁ። ለመጠጥ የሚሆን ባልዲ ለብቻ አለ፤ ለአራቱ በቀን ከ4 ሊትር አይበልጥም። ሁሉም ተደምሮ በቀን 14 ሊትር አካባቢ ነው። ዳክዬ ከመግዛቴ በፊት ለመደቦቹ በቀን አንድ ጀሪካን ሙሉ፣ 20 ሊትር፣ አጠጣ ነበር። ያን ጊዜ አፈሩን በጭድ አልሸፍነውም ነበር። አሁን ወፍራም ጉዝጓዝ አለው። ስለዚህ ከሳፋው የሚወጣው ውሃ ከሞላ ጎደል ይበቃል። ዳክዬዎቹ ከመጡ ወዲህ ጓሮዬ የሚጠጣው ውሃ አልጨመረም። መንገዱ ነው የተቀየረው።

ሐይቅ ደግሞ አያስፈልጋቸውም። የግድ የሚያስፈልጋቸው ጭንቅላታቸውን ሙሉ በሙሉ የሚነክሩበት ጥልቀት ነው። ያ ከሌለ ዓይናቸውና አፍንጫቸው ይደፈንና ይታመማሉ። ውሃው ጨርሶ ሲጠፋ ያለችኝን በጥልቅ ባልዲ አደርግላቸዋለሁ። ሳፋው ያን ቀን ባዶውን ይውላል።

---

ገንደ ቆሬ
መጋቢት 5፣ ማታ

ቁጥሩ ገብቶኛል። አንቺ እንደምታደርጊው ከሆነ ችግር የለውም። ሌላው ግን ሳፋውን መንገድ ላይ ይደፋዋል፤ የእኔ ፍርሃት እሱ ነው። ሰው ውሃውን የሚያፈስበት መደብ ሳያዘጋጅ ዳክዬ አይግዛ።

---

ችግኝ አፍይ
መጋቢት 6፣ ጠዋት

የገንደ ቆሬው ያለው መሬት ጠብ አይልም። መጀመሪያ መደቡ፣ ከዚያ ዳክዬው።

የሳቢያኗ፣ ስለ ሰላጣሽ። ዳክዬ እንደ ዶሮ መሬት አይጭርም፣ ሥር አያወጣም። ለዚህ ነው ለጓሮ የሚመረጠው። ግን ለስላሳ ቅጠል አይምርም፣ እግሩም ሰፊ ነው። ስለዚህ ጊዜ ለይ። መደቡ ገና ባዶ ሳለ፣ ከመዝራትሽ በፊት፣ ቀኑን ሙሉ ልቀቂያቸው። ቀንድ አውጣውን፣ እጩን፣ የፌንጣውን እንቁላል ለቅመው ያጸዱልሻል። ከዘራሽ በኋላ ዝጊ። ቲማቲሙ ጉልበትሽ ጋ ሲደርስ እንደገና አስገቢያቸው፤ ግን ከዝናብ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ። ቀንድ አውጣ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው። ቲማቲሙ መቅላት ሲጀምር ደግሞ አታስገቢ፤ ይበሉታል። ሰላጣና ቆስጣ ሁልጊዜ ከአጥር ውስጥ ይሁኑ። አጥሩ ከፍ ማለት የለበትም። ተራው ከባድ ዳክዬ አይበርም፣ እስከ ጉልበት ከደረሰ ይበቃል። ፊቱ ላይ ቀይ ቁጥርጥር ሥጋ ያለው፣ እንደ ሌላው የማይጮኸው ዓይነት ከሆነ ግን ይበራል። እሱን ክንፉን መከርከም ነው።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሳፋው ውሃ ኩስ አለበት። ኩስ ደግሞ ሆድ የሚያሳምም ተሕዋስ ይይዛል። ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ላይ ፈጽሞ አታፍሺው። ለፓፓያው ሥር፣ ለባሚያው፣ ለበቆሎው ይሁን። ለቲማቲሙም አፈሩ ላይ ብቻ፣ ፍሬውን ሳይነካ። ቆስጣውም ቢቀቀልም ቅጠሉን አታርሺው። ለሰላጣው የቧንቧ ውሃ ስጪው። ጎርጉረሽ ያወጣሽውን የቤታቸውን ጉዝጓዝ ደግሞ ብስባሽ ሆኖ እስኪያልቅ ጠብቂ እንጂ ትኩሱን አትበትኚው።

ለግንቦቱ ሙቀት ጥላ ነው መድኃኒቱ። ወፍ ላብ የለውም፤ አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው የሚበርደው። ኒም ዛፍ ካለሽ ቤታቸውን ከሥሩ አድርጊው። ከሌለሽ ጆንያ ወጥረሽ ቀትር ላይ አርጥቢው። ቆርቆሮ ብቻውን ጥላ አይባልም፣ ምድጃ ነው። የሐብሐብ ልጣጭ ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ግን አትስጪ፤ ለወፍ መርዝ ነው።

---

የደቻቱ ዳር ሰው
መጋቢት 6፣ ማታ

ሁለት ነገር ልጨምር።

በአንበጣው ጊዜ፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ ቻይና 100 ሺህ ዳክዬ ወደ ፓኪስታን ልትልክ ነው የሚል ዜና ዓለምን ዞሮ ነበር። ልጆቼ «ለእኛም ይላኩልን» ሲሉ ትዝ ይለኛል። ወዲያው ግን ሌላ ባለሙያ ዳክዬ ውሃ ስለሚፈልግ ለበረሃ አይሆንም አለና ነገሩ ቀረ። ይህን ያነሣሁት ዳክዬ ጓሮሽን ያጸዳልሻል እንጂ ለእርሻ መድኅን አይደለም ለማለት ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። ወንዙ ዳር ለምትኖሩ፣ የደቻቱ አሸዋ ባዶ ስለሆነ ብላችሁ የእንስሳ ቤት እዚያ አትሥሩ። ጓሮም አታስፉበት። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ከላይ ከተራራው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እኔ ያን ሌሊት ነበርኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

---

የሳቢያኗ
መጋቢት 8

ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ልብ ብለን አንብበነዋል።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ሽቦውን ቀበርኩ። ጎረቤቴን ጠርቼ አብረን ዞርን። ሁለት ክፍት በርሜልና አንድ ጎማ አገኘን፤ ሁሉም ከእኔ ግቢ ነው።

ጾም ስለሆነ እንቁላሉ ተከማችቶብኛል። ዳክዬዎቼ መታቀፍ አልፈለጉም። አንዲት ዶሮዬ ግን ከጎጆዋ አልነሣም ብላለች። ዛሬ ሰባት የዳክዬ እንቁላል ሰጠኋት። ልምድ ያለው ይምከረኝ።

---

ችግኝ አፍይ
መጋቢት 8

ከሰባት በላይ አትጨምሪባት፤ እንቁላሉ ትልቅ ስለሆነ አትሸፍነውም። የዶሮ 21 ቀን ነው፣ የዳክዬ 28። ዳክዬ እናት ስትታቀፍ ከውሃ ወጥታ በእርጥብ ላባዋ ነው የምትመለሰው። ዶሮ ይህን አታደርግም። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለብ ባለ ውሃ እጅሽን ነክረሽ እንቁላሉን እርጭ እርጭ አድርጊው። ዶሮዋ ለመብላት ስትወርድ አድርጊው።

ሲፈለፈሉ ደግሞ የዶሮ ጫጩት መኖ ብቻውን አይበቃቸውም። ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት በላይ ይፈልጋሉ። ሲያንሳቸው እግራቸው ይጣመማል። ደረቅ የቢራ እርሾ ካገኘሽ መኖው ላይ ትንሽ ነስንሺ። ካላገኘሽ የተቀቀለ አተር ፍጪላቸው።

---

የሳቢያኗ
ሚያዝያ 9

ሚያዝያ 6 ጠዋት፣ ልክ በ28ኛው ቀን፣ አምስት ወጡ። ሁለቱ እንቁላሎች መካን ነበሩ።

ትናንት የሆነውን ልጻፍላችሁ። ለጫጩቶቹ ዝቅ ባለ ሳህን ውሃ አቅርቤ ነበር። እነሱ ግን ሳህኑን አልፈው ወደ ትልቁ ሳፋ ሮጡ። በጎኑ ያለውን ድንጋይ ወጥተው አንድ በአንድ ገቡ። ዶሮዋ ዳር ላይ ቆማ ጮኸች። ክንፏን ዘርግታ ትዞራለች፣ አንገቷን ወደ ውሃው ትሰዳለች፣ ትመለሳለች። እኔም ሮጥኩ። እናታቸው ዳክዬ ብትሆን ከላባዋ ቅባት ይደርሳቸው ነበር፤ በዶሮ የተፈለፈሉ ግን ውሃ ይገባባቸዋል፣ ይበርዳቸዋል። አወጣኋቸው፣ በፎጣ አደረቅኳቸው፣ ፀሐይ ላይ ዶሮዋ ሥር አስገባኋቸው። አንደኛው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሁሉም በላይ የሚበላው እሱ ሆነ። ድንጋዩን አንሥቻለሁ።

ባሚያው ክንድ አክሏል። ሰላጣው ሁለተኛ ዙር ላይ ነው፤ በአጥር ውስጥ።

---

የጁገል ልጅ
ሚያዝያ 9

እሰይ፣ እልል! ሁለት ሴት ጫጩት ያዢልኝ። የጣሪያውን ክፍተት በድንጋይና በሲሚንቶ ዘግቼዋለሁ፤ ሽቦውም ተቀብሯል።

---

የሳቢያኗ
ሚያዝያ 9

እይዝልሃለሁ። ሴቷን ከወንዱ የምለየው ግን በድምፅ ነው። ሴቷ ጮክ ብላ ትጮኻለች፣ ወንዱ የሻከረ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ያለው። አሁን ሁሉም ጭር ጭር ነው የሚሉት። ሁለት ወር ያህል ታገሠኝ፤ ሰኔ ላይ ራስህ መጥተህ ሰምተህ ትመርጣለህ።